ከደወሉ አጠገብ ያለው ቁጥር

አንድ ሰው ነበረ፤ በአንድ የዞን ከተማ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ያገለገለ። ስሙን አልጠራም። ታሪኩን የነገረኝ ራሱ ነው፤ «መጋቢ፣ ንገራቸው፤ ስሜን ግን ተወው» ብሎኛል። ቃሌን እጠብቃለሁ።

ይህ ሰው ሰነፍ አልነበረም። አስቀድሜ የምነግራችሁ ለምን መሰላችሁ? ኋላ ስቆጣ «እሱማ ሰነፍ ስለሆነ ነው» ብላችሁ እንዳታመልጡኝ ነው። ጎበዝ ሠራተኛ ነበር። አንባቢ ገብቶ ርዕሱ ጠፍቶበት «ሽፋኑ ቀይ ነው፣ ስለ ንብ እርባታ የሚያወራው» ቢለው፣ ብድግ ብሎ ሄዶ ያመጣለታል። የካርድ መሳቢያውን እንኳ አይከፍትም። የንባብ ክፍል ኃላፊ ያደረጉትም ለዚሁ ነው።

አንድ ቀን ከበላይ ደብዳቤ መጣ። ቤተ መጻሕፍቱ ኦንላይን ሊገባ ነው ተባለ። ካርዱ ይቀራል፣ መጻሕፍቱ በኮምፒውተር ይመዘገባሉ፣ ሩቅ ያለ ሰው በስልኩ ጥያቄ ይልካል፣ ሠራተኛው ፈልጎ ይመልስለታል። ጥሩ ነገር ነው! እኔ በኮምፒውተር አይደለም የተቆጣሁት። ቁጣዬ ወዴት እንደሚሄድ አሁን ታያላችሁ።

የሦስት ቀን ስልጠና ተሰጠ። አሰልጣኟ ሐመልማል የምትባል ወጣት ናት፤ ትሑት፣ ደግማ ለማስረዳት የማይሰለቻት። ዘጠኝ ሠራተኞች ተደርድረው ተቀመጡ። የኮምፒውተሩን ገጽ ግድግዳው ላይ አሳየቻቸው። ከላይ ጥግ ላይ ያለችውን ትንሽ የደወል ሥዕል አመለከተችና ስለ እሷ አብራራች። ከዚያ ዞር ብላ «ገባችሁ?» አለች።

ምን ያሉ ይመስላችኋል?

«አዎ!»

ገብቷቸው ነበር? አልገባቸውም! አንዳቸውም አልገባቸውም! ያ ሰው ምን አለኝ መሰላችሁ? «መጋቢ፣ እሷ ስታስረዳ እኔ የማስበው ፊቴ የገባው ሰው ፊት እንዲመስል ብቻ ነበር» አለኝ። ሦስት ቀን ሙሉ ፊቱን ሲያስተካክል ዋለ። ከግራው ያለውም እንደዚያው፣ ከቀኙ ያለችውም እንደዚያው። እርስ በርስ እየተያዩ «እነሱማ ገብቷቸዋል» ይላሉ።

አንድ ሰው ብቻ እጁን አወጣ። ጋሽ ዳኘው ይባላሉ፣ መጽሐፍ ጠራዥ ናቸው። የተገነጠለ የሚሰፉ፣ ጋዜጣውን በየዓመቱ የሚጠርዙ፣ ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ወራት የቀራቸው ሽማግሌ። «ልጄ፣ እኔ አልገባኝም። እስቲ ያቺን ደወል እንደገና አሳዪኝ» አሉ።

ሳቁባቸው! ትልልቅ ሰዎች፣ የልጆች አባትና እናት የሆኑ ሰዎች፣ ራሳቸው ያልገባቸው ሰዎች ሳቁባቸው። ያ ሰው ደግሞ የጋሽ ዳኘውን ኮት ሳብ አድርጎ «ጋሼ፣ በሞቴ ይቀመጡ፣ አያዋርዱን» አላቸው። ሐመልማል ደግማ ልታስረዳ ስትል «ግድ የለም፣ አንቺ ቀጥዪ፤ እኛ በኋላ እናስረዳቸዋለን» አላት።

እናስረዳቸዋለን! ማን? በምን እውቀት? ኧረ በእግዚአብሔር! አባቶቻችን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ያሉት እኮ ወደው አይደለም። እነዚህ ግን ጠመጠሙ። በሦስተኛው ቀን ሰርተፍኬት ወሰዱ፣ ፎቶ ተነሱ፣ ጨብጨብ ጨብጨብ ተደረገና ወደየቤታቸው ሄዱ። ሐመልማልም ስልክ ቁጥሯን ሰሌዳው ላይ ጽፋ «ያልገባችሁ ነገር ካለ በማንኛውም ሰዓት ደውሉልኝ» ብላ ሄደች። የደወለላት የለም።

ሳምንት ሳይሞላው የከተማው ሬዲዮ ጋዜጠኛ መጣ። ያ ሰው ማይክ ፊት ቀርቦ ምን አለ? «ውድ አንባቢዎቻችን፣ ከእንግዲህ ይህን ሁሉ መንገድ መምጣት ቀረላችሁ! ባላችሁበት ሆናችሁ ጻፉልን፤ በሦስት የሥራ ቀን ውስጥ መልሳችሁን እናደርሳለን።» ለተንኮል አልነበረም፤ ደስ ብሎት ነው የተናገረው። ነገር ግን የማያውቀውን ነገር ለሕዝብ ቃል ገባ።

አሁን ነገሩን አድምጡ። ሥራ ሲጀምሩ ከዚያች ደወል አጠገብ ቀይ ቁጥር ወጣ። አራት ይላል። ከሳምንት በኋላ አሥራ ዘጠኝ ይላል። ወር ሲሆን ሰባ አለፈ። ምንድን ነው ይሄ ቁጥር? ማንም አያውቅም፤ ማንም ደግሞ አይጠይቅም! እንዴት ይጠይቅ? «አዎ፣ ገብቶኛል» ብሎ የለ? መጨረሻ ላይ አንዷ ደፍራ «የጎበኙን ሰዎች ብዛት ነዋ!» አለች። «እሱማ ግልጽ ነው» አሉ ሁሉም፤ ያ ሰውም ከእነሱ ጋር።

እናም የሩብ ዓመቱ ሪፖርት ሲጻፍ ቁጥሩን ከደወሉ ላይ ገልብጠው «በኦንላይን የተገለገሉ ደንበኞች» ብለው ጻፉ። መጀመሪያ ሁለት መቶ አሥር። በሚቀጥለው አራት መቶ ምናምን። በየጠዋቱ እየመጡ «ዛሬ ስንት ደረሰ?» ይላሉ፤ ሲጨምር ይደሰታሉ። ከበላይ የምስጋና ምስክር ወረቀት ተላከላቸው። በመስታወት አስገብተው ከኮምፒውተሩ በላይ ሰቀሉት።

ያ ቁጥር ምን እንደነበር ልንገራችሁ? ጥያቄ ልከው መልስ ያላገኙ ሰዎች ቁጥር ነበር።

ትስቃላችሁ? ሳቁ፣ ሳቁ። እኔም ሲነግረኝ ስቄ ነበር። ከዚያ ስለ እማማ ደብሪቱ ነገረኝና መሳቄን ተውሁ።

እማማ ደብሪቱ ከዚያች ከተማ በመኪና ግማሽ ቀን በሚያስኬድ የገጠር ከተማ የሚኖሩ ባልቴት ናቸው። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ ጉልበታቸው ታሞ በምርኩዝ ነው የሚሄዱት። ባላቸው ከሞቱ ብዙ ጊዜ ሆኗል። እንግዲህ የባላቸው ወንድም ከዚያ ሁሉ ዘመን በኋላ ተነሳና «ይህች ሴት የወንድሜ ሚስት አልነበረችም፤ ቤቱ የእኔ ነው» ብሎ ከሰሳቸው። ሠላሳ ዓመት አብረው የኖሩትን፣ አስታመው የቀበሩትን ሴት፣ ሚስቱ አልነበረችም!

የወራሽነት ወረቀታቸው ጎርፍ ቤት የገባ ጊዜ ጠፍቷል። የድሮው መዝገብም ሲፈለግ ጠፋ። ግን ባላቸው በሞቱ ጊዜ ፍርድ ቤቱ «ሚስታቸው ደብሪቱ ወራሽ ነኝ ብላለች፤ የሚቃወም ካለ ይቅረብ» የሚል ማስታወቂያ በጋዜጣ አውጥቶ ነበር። ዳኛው «እሱን ጋዜጣ አምጡ» አሉ። የዚያ ዘመን ጋዜጣ ተጠርዞ የተቀመጠው የት ነው? በዚያ ቤተ መጻሕፍት።

እማማ በምርኩዛቸው ሊነሱ ነበር። ጎረቤታቸው የሆነች መምህርት ግን «እማማ፣ ይህን ሁሉ መንገድ በዚህ ጉልበት? ሬዲዮ ላይ አልሰሙም? መምጣት ቀርቷል፣ ጻፉልን ብለዋል» አለቻቸው። በእሳቸው ስልክ ጻፈችላቸው፤ የጋዜጣውን ወርና ዓመት ሳይቀር። ወዲያው መልስ መጣ፦ «ጥያቄዎ ደርሶናል። በሦስት የሥራ ቀናት ውስጥ ምላሽ እንሰጣለን።»

ማሽኑ ነው የመለሰው፣ ወገኖቼ! ሰው አይደለም። እሳቸው በምን ይወቁ? ደርሶናል ተብለዋል፤ ተቀመጡ። ሦስት ቀን አለፈ። እንደገና አስጻፉ። «ደርሶናል።» ዳኛው ቀጠሮ ሰጡ፤ ቀጠሮው ደረሰ፤ «ጋዜጣውስ?» «ይመጣል ጌታዬ፣ ደርሶናል ብለዋል።» ሌላ ቀጠሮ። አሁንም ጻፉ፤ «ደርሶናል።» ስድስት ጊዜ ጻፉ። ሦስተኛው ቀጠሮ ላይ ዳኛው ከዚህ በላይ መጠበቅ አልችልም ብለው ፈረዱ።

ማክሰኞ ተፈረደ። ዓርብ እማማ ደብሪቱ ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ቆሙ።

ያ ሰው ደግ ነው። ብድግ ብሎ ወንበር ሰጣቸው፣ ውሃ አቀረበላቸው። ጉዳያቸውን ጠየቀና «ውይ እማማ! ይህን ሁሉ መንገድ? ምናለ አስቀድመው ቢጽፉልን ኖሮ?» አላቸው።

«ጽፌ ነበር እኮ ልጄ።»

እዚህ ላይ ደነገጠ። ደነገጠና ምን አለ? እናንተ ታውቁታላችሁ፤ በየቢሮው በየባንኩ የምንሰማውን። «ያኔ ሲስተም አልነበረም ይሆናል» አለ። ከብዙ ወር ጀምሮ ሰው መጥቶ «ጽፌ ነበር» ሲላቸው የሚሉት ይህንኑ ነበር። ሲስተሙ ምን አደረጋቸው? ሲስተሙ ቀንም ሌትም ሥራውን ይሠራ ነበር!

«እንዴት አልነበረም?» አሉ እማማ። ስልካቸውን ከመቀነታቸው ፈትተው አሳዩት። ደርሶናል፣ ደርሶናል፣ ደርሶናል፤ ስድስቱም አሉ።

እሱም ተነሳ። ወደ ጋዜጣው ክፍል ሄደ፤ ሦስተኛው መደርደሪያ፣ ከግድግዳው በኩል፤ ጋሽ ዳኘው የጠረዙትን ጥራዝ አወጣ፤ ገለጠ፤ አገኘው። ስንት ደቂቃ የፈጀበት ይመስላችኋል? አራት ደቂቃ! ያ ሁሉ ወር የተጠበቀው የአራት ደቂቃ ሥራ ነበር። ያውም እሱ ከማንም በላይ የሚችለው፣ ሃያ ሁለት ዓመት ሲሠራው የኖረ ሥራ! አምጥቶ ፊታቸው ዘረጋውና «ይኸው እማማ፣ ስምዎ ይኸው» አላቸው።

እማማ በጣታቸው ስማቸውን ዳሰሱት። «ማክሰኞ ተፈረደ እኮ ልጄ» አሉት። «ሚስቱ አልነበረችም ተባልሁ።»

ሰሌዳው ላይ የሐመልማል ቁጥር አልጠፋም ነበር። ደወለላት። እማማ እዚያው ተቀምጠው እየሰሙ፣ ሠራተኞቹ ሁሉ እየሰሙ፣ «ሐመልማል፣ እኔ ያን ጊዜ አልገባኝም ነበር» አላት።

«የቱ ጋሼ?»

«ደወሉ። ከደወሉ አጠገብ ያለው ቁጥር ምንድን ነው?»

«እሱማ መልስ የሚጠብቁ ጥያቄዎች ናቸው። ይጫኑት፣ ይከፈትልዎታል።»

«መጫን ብቻ?»

«መጫን ብቻ ጋሼ።»

ተጫነው። ስድስት መቶ አሥራ ሦስት ጥያቄ ተዘረገፈ። ተማሪው፣ ገበሬው፣ ነርሷ፣ የታሰረ ወንድሙ የተከሰሰበትን ሕግ የሚፈልገው። ከመካከላቸው ስድስቱ የእማማ ደብሪቱ ነበሩ። ከእነዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ፣ በመስታወት ውስጥ፣ የምስጋናው ምስክር ወረቀት ተሰቅሏል።

እማማ አልጮሁም፣ አልተራገሙም። ቢራገሙ ይሻለኝ ነበር ይላል ሰውዬው። ቀና ብለው አዩትና «ልጄ፣ አላውቅበትም ብትሉኝ ኖሮ እኮ በእግሬ እመጣ ነበር» አሉት።

ሰማችሁ? «አላውቅበትም ብትሉኝ ኖሮ በእግሬ እመጣ ነበር!» ያቺን ሴት ቤቷን ያሳጣት አለማወቅ አይደለም። ጋሽ ዳኘውም አያውቁም ነበር፤ የጋሽ ዳኘው አለማወቅ ማንንም አልጎዳም፤ ሲናገሩት በአምስት ደቂቃ የሚድን ነበር። የጎዳት አውቃለሁ የሚለው አፍ ነው፣ የተስተካከለው ፊት ነው! ስምንት ሰው እንዳያፍር ተብሎ አንዲት ባልቴት ሚስትነቷን ተነጠቀች!

ቀጥሎ ምን ሆነ ትሉኛላችሁ። ሰውዬው ማስረጃውን በማህተም ሰጣቸው፤ እማማም ይግባኝ ብለዋል። እስካሁን አልተወሰነም። የባላቸው ወንድም ግን በዚያው ሳምንት በሩን በሰንሰለት ቆልፎታል፤ እማማ ያቺ መምህርት ቤት ተጠግተው ነው ያሉት። ልባችሁ እንዲያርፍ ብዬ ያልሆነ መጨረሻ አልፈጥርላችሁም።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። ወዴት ታያላችሁ? ወደ በሩ አትዩ፣ ወደ እኔ እዩ!

አንተ የቤተሰብ ኃላፊ ነኝ የምትል፣ ሐኪሙ ስለ ሚስትህ መድኃኒት ሲያስረዳህ «እሺ ዶክተር፣ እሺ ዶክተር» ብለህ ምንም ሳይገባህ የወጣህ፣ መንገድ ላይ «ስንት ስንት ነው ያለው?» ስትልህ በግምት የነገርሃት፣ ለአንተ ነው የምናገረው። አንቺ የልጅሽ መምህር ጠርታ ስታናግርሽ «ገብቶኛል» ብለሽ ፈርመሽ የመጣሽ፣ ለአንቺ ነው። እናንተ ሽማግሌዎች፣ የታረቁ ሳይሆኑ የታፈኑ ባልና ሚስት በእጃችሁ ያሉ፣ ነገሩ ከአቅማችን በላይ ነው ማለት ያቃታችሁ፣ ለእናንተ ነው!

የቤት ኅብረት መሪዎችስ? ዝም ብዬ የማልፋችሁ መሰላችሁ? እኅት መጥታ ልቧን ከፍታ ትጠይቃችኋለች። መልሱን አታውቁትም። ምን ትሏታላችሁ? «ጸልዪበት!» ጸሎት የሚናቅ ሆኖ አይደለም፤ እናንተ ግን እሱን የምትሉት አላውቅም ላለማለት ነው። የእኛ «ሲስተም የለም» ይህ ነው! እሷም ደርሷቸዋል ብላ ቤቷ ገብታ ትጠብቃለች። ስንት ሰው ነው በእናንተ ደጅ የሚጠብቅ? ስንቱንስ አገለገልን ብላችሁ ሪፖርት አደረጋችሁ?

አሜን አትበሉኝ! ማነው እሱ አሜን ያለው? ዛሬ አሜን አልፈልግም። አሜንማ ሁልጊዜ ትላላችሁ፤ ገብቷችሁም ትላላችሁ፣ ሳይገባችሁም ትላላችሁ።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲሉ ሰምታችኋል። የራሱን በሽታ የደበቀስ ራሱ ይሙት፣ ምን ይደረጋል! እኛ ግን የደበቅነው በሽታ የሚገድለው ሌላ ሰው ነው። እዚህ ላይ ነው ደሜ የሚፈላው።

የእናንተን ብቻ ተናግሬ እንዳልወርድ፣ የራሴን ልናገር። ይህን ለመናገር ትናንት ቤቷ ሄጄ ፈቃድ ጠይቄያለሁ።

እኅት አጸደ እዚያ ተቀምጣለች፤ ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። ከአራት ዓመት በፊት የመጀመሪያ ልጇን ቀበርን። ከመቃብሩ ስንመለስ ክንዴን ይዛ «መጋቢ፣ ለምን?» አለችኝ። አላውቅም ነበር። ግን መጋቢ ነኝ አይደል? ሰው ቆሞ እያየኝ ነው አይደል? ፊቴን አስተካከልሁና «እግዚአብሔር የሚወደውን ቶሎ ይወስዳል» አልኋት። ያሉት ሁሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። ጥሩ የመለስሁ መስሎኝ ቤቴ ገባሁ።

ትናንት ምን እንደነገረችኝ ታውቃላችሁ? ሁለተኛ ልጇ ሲወለድ እግዚአብሔር ይወድብኛል ብላ ፈራች። ይወድብኛል ብላ! የልጁን ስም በጸሎት አንስታ አታውቅም። አልጋው ዳር ቆማ እግዚአብሔር እንዳያስታውሰው ብላ ዝም ትላለች። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ እኔ እዚህ ቆሜ ስለ ጸሎት ስሰብክ፣ እሷ እዚያ ተቀምጣ በእኔ ቃል ምክንያት ለልጇ መጸለይ ፈርታ ነበር።

እኅት አጸደ፣ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ልንገርሽ። ለምን እንደሞተ አላውቅም። ያን ቀንም አላውቅም ነበር፤ እንደማውቅ ሆኜ ነው የተናገርሁሽ። ዛሬም አላውቅም። ይቅር በዪኝ፤ ለሁለተኛው ልጅሽም ስሙን ጠርተሽ ጸልዪለት።

እናንተም ዛሬ የመዝጊያ ጸሎት ከእኔ አትጠብቁ። መጀመሪያ ሳታውቁ እንደምታውቁ ሆናችሁ የነገራችሁትን ሰው ፈልጉት። ቤት ካለ ወደ ቤት ሂዱ፤ እዚህ ከጎናችሁ ከተቀመጠ አሁኑኑ ዞር በሉና «ያን ጊዜ የነገርሁህን አላውቀውም ነበር» በሉት። እኔ ከእኅት አጸደ ጋር እጸልያለሁ።